ለአሮጌ ማይክሮፕሮሰሰር ቦርድ የትኛው ሎጂክ አናላይዘር ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው 6502 ማይክሮፕሮሰሰር 40 እግሮች አሉት። ከእነዚህ 16ቱ አድራሻ፣ 8ቱ ዳታ ያስተላልፋሉ፤ ከቀሩትም መካከል ማንበብን ከመጻፍ የሚለየው፣ የአዲስ ትእዛዝ መጀመሪያን የሚያመለክተው፣ የሪሴትና የማቋረጫ መስመሮቹ ይገኙበታል። እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር የተሸከመ ኮምፒውተር መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ ክሎኩ (የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚመራው የማያቋርጥ ምት) መኖሩን፣ 5 ቮልቱ ንጹህ መሆኑንና ሪሴቱ መለቀቁን በባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሪሴት እንደወጣ ወደ የትኛው አድራሻ ሄደ? እዚያስ ምን አነበበ? ይህን በሙሉ ለመመለስ ቢያንስ 24 መስመሮችን በአንድ ቅጽበት ማየት ያስፈልጋል፤ ሎጂክ አናላይዘር የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።

መሣሪያው ከማይክሮፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ያደገ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሎጂክ አናላይዘሮች ከሂውሌት ፓካርድና ከባዮሜሽን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲወጡ የኢንቴል 8080 ገና አልተዋወቀም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ኤችፒ 1611ኤ ግን ለአንድ የተወሰነ ፕሮሰሰር ተዘጋጅቶ፣ የተያዘውን ዳታ በትእዛዝ ስም ተርጉሞ በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ሆነ። ዛሬ አሮጌ ቦርድ ለመጠገን የሚነሳ ሰው ምርጫው በዋናነት ከሦስት መንገዶች አንዱ ነው፤ የዘመኑ ትልቅ የጠረጴዛ ሎጂክ አናላይዘር፣ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ አናላይዘር፣ ወይም በፕሮሰሰሩ ሶኬት ገብቶ ቦርዱን ራሱ የሚነዳ መሞከሪያ። ብዙዎች ሲመርጡ በቅድሚያ የሚያዩት የሜጋኸርዝ ቁጥሩን ነው። በእኔ እምነት ለዚህ ሥራ ከፍጥነት የሚቀድሙ ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ አንደኛው መሣሪያው የቦርዱን ክሎክ ተቀብሎ መሥራት መቻሉ ሲሆን ሁለተኛው የቻናሎቹ ብዛት ከፕሮሰሰሩ እግሮች ጋር መመጣጠኑ ነው።

ክሎኩ የማን ነው?

ሎጂክ አናላይዘር በሁለት መንገድ ይሠራል። ታይሚንግ በሚባለው መንገድ መሣሪያው በራሱ ክሎክ፣ ለምሳሌ በየ10 ናኖሰከንዱ፣ መስመሮቹን እያየ ይመዘግባል፤ ውጤቱም ከኦሲሎስኮፕ ጋር የሚመሳሰል የሞገድ ሥዕል ነው። ስቴት በሚባለው መንገድ ግን መሣሪያው የሚመዘግበው የቦርዱ ክሎክ ወይም ሌላ የመረጥነው መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ባለበት ቅጽበት ብቻ በመሆኑ፣ ውጤቱ ፕሮሰሰሩ የፈጸማቸው ዑደቶች ዝርዝር ይሆናል። ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ኮሞዶር 64 ነው። በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ የቪዲዮ ቺፑና ፕሮሰሰሩ አንዱን ሚሞሪ በየግማሽ ዑደቱ እየተፈራረቁ ይጠቀማሉ፤ ፋይ2 የተባለው ክሎክ ዝቅ ሲል ባሱን (የአድራሻና የዳታ የጋራ መስመሮቹን) የሚይዘው በአብዛኛው የቪዲዮ ቺፑ ነው፣ ከፍ ሲል ደግሞ ፕሮሰሰሩ። ቦርዱን በታይሚንግ ብቻ የሚመለከት ሰው የሁለቱ አድራሻዎች ተቀላቅለው ይቀርቡለታል። ፋይ2 ከከፍ ወደ ዝቅ በሚሻገርበት ቅጽበት በስቴት ቢመዘግብ ግን የፕሮሰሰሩን ተራ ብቻ ለይቶ ያነባል።

እንዲህ ያለው ንባብ ምን ያህል ወደ ብልሽቱ እንደሚያደርስ እንመልከት። የ6502 ቤተሰብ ፕሮሰሰር ከሪሴት ሲወጣ መነሻውን የሚያነበው ከኤፍኤፍኤፍሲና ከኤፍኤፍኤፍዲ አድራሻዎች ነው (ቁጥሮቹ የተጻፉት በ16 መደብ፣ ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ምልክቶች ነው)። በጤነኛ ኮሞዶር 64 በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ኢ2 እና ኤፍሲ ይገኛሉ፤ ፕሮሰሰሩም ሁለተኛውን አስቀድሞ አጣምሮ ቀጥሎ ወደ ኤፍሲኢ2 ይዘላል። ትሪገሩን (ምዝገባውን የሚያስጀምረውን ሁኔታ) በኤፍኤፍኤፍሲ ላይ አድርገን የመጀመሪያው ባይት ኢ0 ሆኖ ቢታይና ቀጣዩ ዝላይ ወደ ኤፍሲኢ0 ቢሆን፣ ዲ1 የተባለው የዳታ መስመር ወደ ዝቅ ተጎትቶ እንደቀረ ወዲያውኑ እንጠረጥራለን፤ ኢ2 እና ኢ0 የሚለያዩት በዚያች አንዲት ቢት ብቻ ነውና። ከሦስት መስመር ንባብ በኋላ ፍለጋው ከመላው ቦርድ ወደ አንድ የመዳብ መስመርና በላዩ ወደተጣዱት ጥቂት ቺፖች ይጠባል። ሎጂክ አናላይዘርን የሚያስወድደኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ሁሉም ፕሮሰሰር ግን እንደ 6502 የተመቸ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ዜድ80 ትእዛዝ ሲያመጣና ተራ ዳታ ሲያነብ ዳታውን የሚቀበልበት የክሎክ ጠርዝ የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያውን በሦስተኛው ክሎክ መነሻ፣ ሁለተኛውን በዚያው ክሎክ መውደቂያ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ዋናውን ክሎክ ለስቴት ምዝገባ መጠቀም ግራ ያጋባል፤ የማንበቢያው ወይም የመጻፊያው መስመር ወደ ከፍ በሚመለስበት ቅጽበት እንዲመዘገብ ማድረግ ይሻላል። ይህም ማለት አናላይዘሩ ሁለት የተለያዩ መስመሮችን በ«ወይም» አጣምሮ እንደ ክሎክ መቀበል መቻል አለበት። 8085 እና 8086 ደግሞ አድራሻና ዳታን በአንድ እግር እያፈራረቁ ስለሚያስተላልፉ፣ አናላይዘሩ አድራሻውን በአንድ ክሎክ፣ ዳታውን በሌላ ክሎክ ይዞ በአንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የጠረጴዛ አናላይዘሮች እነዚህን ሁለቱንም የሚያደርጉት የተሠሩት በትክክል ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ስለሆነ ነው። ርካሾቹ የዩኤስቢ መሣሪያዎች ግን የውጭ ክሎክ መግቢያ ጭራሽ የላቸውም።

የጠረጴዛዎቹ አናላይዘሮች

በዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የ1970ዎቹ መሣሪያዎች፣ 1611ኤን ጨምሮ፣ ለታሪክ ወዳጅ ውድ ዕቃዎች ናቸው። ለዕለት ጥገና ግን አልመክራቸውም፤ አብዛኞቹ ለአንድ ፕሮሰሰር ወይም ለጥቂት ቻናል የተወሰኑ ናቸው፣ መለዋወጫቸውም አይገኝም፣ አናላይዘሩን ራሱን መጠገን ሌላ ሥራ ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው የኤችፒ 1650 ቤተሰብ ለስምንት ቢት ቦርዶች የተለካ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። 1650ቢ 80 ቻናሎች፣ በታይሚንግ 100 ሜጋኸርዝ፣ በስቴት 35 ሜጋኸርዝ አለው፤ ታናሹ 1651ቢ 32 ቻናል ብቻ ይዟል። 1652ቢ በ80ዎቹ ቻናሎች ላይ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ ስለሚጨምር፣ ቦታ ለጠበበው ሰው ከሁለት ዕቃ አንዱን ይቀንስለታል። በእነዚህ ላይ የሚነሳው የተለመደ ቅሬታ ሚሞሪያቸው ለአንድ ቻናል 1024 ናሙና ብቻ መሆኑ ነው። በ1 ሜጋኸርዝ በሚሠራ 6502 ላይ ይህ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ሲሰሙት እጅግ ያነሰ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስቴት ምዝገባ እየመረጠ የሚያከማች መሆኑን መርሳት አይገባም። «በዚህ አድራሻ ላይ የሚጻፈውን ብቻ መዝግብ» ተብሎ ከታዘዘ፣ 1024ቱ ቦታዎች የሚሞሉት በ1024 ጽሕፈቶች ስለሆነ፣ የሰዓታት ሥራ ሊያካትቱ ይችላሉ። ትሪገሩም በደረጃ የሚደራጅ ነው፤ መጀመሪያ ይህ አድራሻ ይምጣ፣ ቀጥሎ ያ ዳታ ይህን ያህል ጊዜ ይደጋገም፣ ከዚያ በኋላ መዝግብ እያሉ ማዘዝ ይቻላል። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ሚሞሪ ውድ ስለነበረባቸው ችግሩን በጥሩ ትሪገር ፈቱት፤ ያ ብልሃት ዛሬም ቢሆን ሚሊዮኖች ናሙናዎችን ሰብስቦ በአይን ከመፈለግ ያድናል።

የ1990ዎቹ የኤችፒ 1660 ተከታታይ በዚያው መንገድ አንድ እርምጃ ወደፊት የሄደ ነው። 1660ኤ 136፣ 1661ኤ 102፣ 1662ኤ 68፣ 1663ኤ 34 ቻናሎች አሏቸው፤ ስቴታቸው 100 ሜጋኸርዝ፣ ሚሞሪያቸው ለአንድ ቻናል 4 ሺህ ናሙና ነው። ለአሚጋ፣ ለመጀመሪያው ማኪንቶሽና ለሌሎች የ68000 ፕሮሰሰር ቦርዶች የምመርጠው ይህን ነው። 68000 64 እግሮች ያሉት ሆኖ፣ 23 የአድራሻና 16 የዳታ መስመሮቹ ብቻ 39 ይደርሳሉ፤ መቆጣጠሪያዎቹ ሲጨመሩ 32 ቻናል ያለው መሣሪያ በፍጹም አይበቃም። 68 ቻናል ያለው 1662ኤ ግን ከበቂ በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤችፒ 16500ኤ በንክኪ የሚሠራ ባለ ቀለም ስክሪንና አምስት የካርድ ማስገቢያዎች አሉት፤ አናላይዘር፣ ኦሲሎስኮፕና የምልክት አመንጪ ካርዶችን እንደ ፍላጎት መቀላቀል ይቻላል። ቋሚ የሥራ ክፍል ላለው ሰው ድንቅ መሣሪያ ነው። ክብደቱ፣ የማራገቢያው ድምፅና በካርዶቹና በሶፍትዌሩ መካከል መኖር ያለበት መስማማት ግን አንድ ቦርድ ብቻ ለመጠገን ለሚፈልግ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ድካሙን ያበዛል። የቴክትሮኒክስ 1240 ባለ 72 ቻናል ሆኖ ለስምንት ቢት በቂ ነው። የኩባንያው ቲኤልኤ 700 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣና በዊንዶውስ የሚሠራ ስለሆነ፣ አቅሙ ከሁሉም የላቀ ቢሆንም ሃርድ ዲስኩ ሲሞት ሶፍትዌሩን መልሶ መጫን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚመጣ አንድ ጥቅም በማስታወቂያዎች ላይ ብዙም አይነገርም፤ እሱም ፕሮቡ ነው። የኤችፒ ፕሮብ ጫፍ ላይ 100 ኪሎኦም ገደማ የሆነ መከላከያና 8 ፒኮፋራድ ገደማ ጭነት ብቻ ስላለ የሚለካውን መስመር ብዙም አያውክም፤ እስከ 40 ቮልት ድረስም ይችላል። በአሮጌ ቦርድ ላይ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የ8080 ሁለቱ ክሎኮች እስከ 12 ቮልት የሚወጡ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከ5 ቮልቱ ሌላ 12 ቮልትና ከዜሮ በታች 5 ቮልት ይፈልጋል። ለ5 ቮልት የተሠራን የዩኤስቢ አናላይዘር በስህተት በእነዚህ እግሮች ላይ መሰካት መሣሪያውን ያቃጥላል፤ ከእሱ ጋር የተገናኘውን ላፕቶፕም ለአደጋ ያጋልጣል። እንደ አልታይር 8800 ያለ የ8080 ማሽን ለሚጠግን ሰው ይህ ብቻውን የጠረጴዛውን አናላይዘር ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

የዩኤስቢ አናላይዘሮች

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙትና ዋጋቸው እጅግ ዝቅ ያለው በሳይፕረስ ሲዋይ7ሲ68013ኤ ቺፕ ላይ የተመሠረቱት ናቸው፤ 8 ቻናል፣ 24 ሜጋኸርዝ። ይህ ማለት በየ42 ናኖሰከንዱ ገደማ አንድ ናሙና ይወስዳሉ። ዜድኤክስ ስፔክትረም በ3.5 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ አንድ ክሎኩ 286 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ክሎክ ውስጥ ወደ 7 ናሙና መውሰድ የባስ እንቅስቃሴን ለመከታተል ይበቃል። የማይበቃው የአንድ ደካማ ቺፕ የ15 ናኖሰከንድ ብልጭታ ሚሞሪን ሲያሳስት ነው፤ እንዲህ ያለው ብልጭታ በሁለት ናሙናዎች መካከል ይጠፋል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ጸጋ ሶፍትዌሩ ነው። ሲግሮክ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮጀክትና መመልከቻው ፐልስቪው ለዜድ80 ትርጓሜ አላቸው፤ ለዚህም የግድ የሚፈልጉት 8ቱን የዳታ መስመሮች፣ የትእዛዝ መጀመሪያን የሚያመለክተውን ኤም1፣ የማንበቢያና የመጻፊያ መስመሮችን ብቻ ሲሆን አድራሻው እንደ አማራጭ የሚገባ ነው። በ11 መስመር የፕሮሰሰሩን ትእዛዞች በተርታ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ምዝገባውም ወደ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ስለሚፈስ፣ ከሪሴት ጀምሮ ያለውን ብዙ ሰከንድ ያለማቋረጥ መያዝ ይቻላል፤ ይህን ከላይ ያነሳናቸው አሮጌ መሣሪያዎች ፈጽሞ አያደርጉትም። ስለዚህ ዜድ80 ላለበት ሰው 16 ቻናል ያለው የዩኤስቢ አናላይዘር ሙሉ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። እንደ ዲኤስሎጂክ ፕላስ ያሉት በ16ቱም ቻናል 100 ሜጋኸርዝ ስለሚሰጡ፣ የውጭ ክሎክም ስለሚቀበሉ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ድልድይ ናቸው። ገደባቸው ቁጥሩ ነው፤ የብልሽቱ ምንጭ አድራሻው ላይ ከሆነ 16 ቻናል በአድራሻው ብቻ ያልቃል፣ ለዳታና ለመቆጣጠሪያው የሚተርፍ አይኖርም።

ፕሮሰሰሩ ጨርሶ ካልሠራ

ሎጂክ አናላይዘር ተመልካች እንጂ ነጂ አይደለም። ሁለት የአድራሻ መስመሮች ተገናኝተው ፕሮሰሰሩ ከመጀመሪያዋ ትእዛዝ ጀምሮ ወደ ትርምስ ከገባ፣ ባለ 136 ቻናሉም የሚያሳየው ትርምሱን ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው እንደ ፍሉክ 9010ኤ ያለ መሞከሪያ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ወጥቶ የመሣሪያው ፖድ በቦታው ይሰካል፤ ከዚያም መሣሪያው እንደ ፕሮሰሰሩ ሆኖ ባሱን፣ ሮሙንና ራሙን በተራ ይፈትሻል፤ የትኛው መስመር እንደተያዘም በስም ይናገራል። የድሮ የአርኬድ ጨዋታ ቦርዶችን የሚጠግኑ ሰዎች እስከ ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የተለየ ፖድ መፈለጉና ፕሮሰሰሩ በቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ መጀመሪያ መነቀል ያለበት መሆኑ ነው።

ይህን መግዛት ለማይችል ሰው ከሬዚስተር በቀር ምንም የማያስወጣ ጥንታዊ ዘዴ አለ። ፕሮሰሰሩን ከዳታ ባሱ ለይተን «ምንም አታድርግ» የሚለውን ትእዛዝ፣ በ6502 ኢኤን፣ በዜድ80 00ን፣ በሬዚስተሮች በቋሚነት ብናቀርብለት፣ አድራሻው ከታች ወደ ላይ መቁጠር ይጀምራል። በ1 ሜጋኸርዝ 6502 ይህ ትእዛዝ ሁለት ዑደት ስለሚወስድ በመጀመሪያው የአድራሻ መስመር ኤ0 ላይ 250 ኪሎኸርዝ፣ ኤ1 ላይ 125 ኪሎኸርዝ፣ እንዲህ እየተጋመሰ ኤ15 ላይ 7.6 ኸርዝ ገደማ መታየት አለበት። ሳይጋመስ የቀረው መስመር በሽተኛው ነው። ይህን ለማየት ርካሹ ባለ 8 ቻናል አናላይዘር በሁለት ዙር ይበቃል። በዜድ80 ላይ ሲሞከር ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ፕሮሰሰሩ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ የሚሞሪ ማደሻ አድራሻ በታችኞቹ መስመሮች ላይ ስለሚያወጣ፣ የማንበቢያው መስመር ዝቅ ያለበትን ጊዜ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሲገዙ

ከመሣሪያው በፊት ፖዱን፣ ማለትም የአናላይዘሩ የፕሮብ ጫፎች በቡድን የሚሰኩበትን ክፍል፣ ይጠይቁ። እኔ የመጀመሪያዬን የጠረጴዛ አናላይዘር የገዛሁት በስክሪኑ ጥራት ተደስቼ ሲሆን፣ ዕቃው ሲደርስ ኬብሎቹ እንጂ የፕሮብ ጫፎቹ አልነበሩም፤ ጫፎቹን በየጥቂቱ ለቅሞ ለማሟላት ወራት ፈጀብኝ፣ ወጪውም ከመሣሪያው ዋጋ በለጠ። ጫፎቹ በውስጣቸው ሬዚስተርና ካፓሲተር ስላለ በተራ ሽቦ አይተኩም። ሻጩ ስንት ፖድ፣ በእያንዳንዱ ፖድ ስንት ጫፍና ስንት መቆንጠጫ እንዳለ ቆጥሮ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ለ6502 ወይም ለዜድ80 ሁለት ሙሉ ፖድ አድራሻና ዳታን ይሸፍናል፣ ስምንት ቻናልም ለመቆጣጠሪያ ይተርፋል፤ ለ68000 አራት ይፈልጉ። የግራውንድ ሽቦዎቹም የግድ ናቸው፤ በአንድ ግራውንድ ብቻ ሠላሳ መስመር ማንበብ በቦርዱ ላይ የሌለ ብልሽት ይፈጥራል። በሚሠራ ቦርድ ላይ 40 መቆንጠጫ አንድ በአንድ ከመስካት ይልቅ በቺፑ ጀርባ ላይ የሚነክስ ባለ 40 እግር ክሊፕ መጠቀም ጊዜንም፣ እግሮች በስህተት እንዳይነካኩም ይረዳል።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው። 1650ም ሆነ 16500ኤ ሥራ የሚጀምሩት ሶፍትዌራቸውን ከ3.5 ኢንች ፍሎፒ አንብበው ስለሆነ፣ ያለ ዲስክ የመጣ መሣሪያ ራሱን ከመፈተሽ አያልፍም። ሻጩ አብርቶ የምርመራ ገጹን በፎቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዲስኩ እንደደረሰም ሌላ ሥራ ሳይጀመር ሁለት ቅጂ መውሰድ ይገባል። የዲስኩ አደረጃጀት የኤችፒ የራሱ በመሆኑ ተራ ኮምፒውተር እንደማይከፍተው ይወቁ፤ ቅጂውን በራሱ በአናላይዘሩ መሥራት ይቀላል።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ ወይም በጭነት ወደ ኢትዮጵያ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ የመብራቱ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። እዚያ የነበረ መሣሪያ ለ115 ቮልት ተስተካክሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በጀርባው ባለው የቮልቴጅ መምረጫ ወደ 230 መዞሩና ፊውዙ ለዚያ የተጻፈው መሆኑ ሳይረጋገጥ በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት የለበትም። በዚያ ዘመን በመብራት መግቢያ ማጣሪያዎች ውስጥ ይገቡ የነበሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ከዕድሜ ብዛት ሽፋናቸው እየተሰነጠቀ እርጥበት ስለሚያስገቡ፣ መሣሪያው በሰላም ሲሠራ ቆይቶም በድንገት ሊያጨሱ ይችላሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመብራቱ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ እነዚህ ይታዩ፤ የተሰነጠቀ ከተገኘ በተመሳሳይ መጠን፣ ለመብራት መስመር በተፈቀደ አዲስ ካፓሲተር ይተካ። ይህን የሚሠራው ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ መሥራት የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ በስክሪን ቱቦው ዙሪያ ያለው ኃይል መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያልና።